ፔሩ ተራራ ላይ እንግሊዝኛ ለማስተማር ልሂድ? ከጎንደር የሄደ ካለ ንገሩኝ

የአዘዞዋ መምህርት፦

ሰላም ናችሁ ወገኖች? አዘዞ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ብቻዬን መወሰን ያቃተኝን ነገር ይዤ መጣሁ።

አንድ የመምህራን የኦንላይን ሥልጠና ላይ ከአንዲት የፔሩ አስተማሪ ጋር ተዋወቅን። ኩስኮ አካባቢ፣ ከኦያንታይታምቦ ከተማ በላይ ተራራው ላይ ባለች መንደር ታስተምራለች። የትምህርት ዘመናቸው ከማርች እስከ ዲሴምበር ስለሆነ የኛ ክረምት ለእነሱ የትምህርት ጊዜ ነው። «ሐምሌና ነሐሴን መጥተሽ ከኔ ጋር አስተምሪ፤ እኛ ቤት ታርፊያለሽ» አለችኝ። የአውሮፕላኑን ወጪ ውጭ አገር ያለው ወንድሜ እችልሻለሁ ብሏል።

ከዚያ በፊት በጎ ፈቃደኛ የሚልክ አንድ ድርጅት ጠይቄ ነበር። እነሱ በዶላር ክፈይ አሉኝ። ወደ ብር ሳሰላው የብዙ ወር ደሞዜ ነው። በነፃ ላስተምር ሄጄ ለምን እከፍላለሁ?

የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። እኔ እንግሊዝኛን የተማርኩት ከጥቁር ሰሌዳ ነው። እንግሊዝኛ የሚናገር አገር ረግጬ አላውቅም። ልጆቹ ፈረንጅ ሲጠብቁ እኔ ብመጣባቸው ምን ይላሉ? ስፓኒሽም አልችልም። እናቴ ደግሞ «ደንቢያ አስተማሪ ጠፍቶ አንቺ ባሕር ልትሻገሪ ነው?» ብላ ልቤን ለሁለት ከፍላዋለች። የምታውቁ ሰዎች እውነቱን ንገሩኝ።

የፒያሳው፦

እህቴ፣ ይህን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። እኔ ጎንደር ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ስፔን ስማር የኩስኮ ልጅ ጓደኛ ነበረኝ። ትምህርታችንን ስንጨርስ ተከትዬው ሄድኩና ካልሽው ከተማ በላይ፣ ኬችዋ የሚባለው የተራራው ነባር ሕዝብ መንደር ውስጥ አስተማርኩ።

በመጀመሪያ «ፈረንጅ አይደለሁም» ያልሽውን ከልብሽ አውጪው። እነዚያ ልጆች ቤታቸው የሚናገሩት ኬችዋ ነው። ስፓኒሽን የሚለምዱት አብዛኞቹ ትምህርት ቤት ገብተው ነው። እንግሊዝኛ ሦስተኛቸው ነው። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ከአውሮፓም ከአሜሪካም ወጣቶች ይመጡ ነበር። ልበ ቅን ናቸው፣ ይለፋሉ። ግን እንግሊዝኛን ተምረውት አያውቁም፤ አብሯቸው ያደገ ነው። ልጁ የት ጋ እንደሚደናቀፍ አይታያቸውም። ላንቺ ግን ይታይሻል፤ ራስሽ በዚያው መንገድ ነው ያለፍሽው።

ኬችዋ እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው። ስለዚህ ልጆቹ «አይ ፖቴቶ ኢት» ይላሉ። ከኛ ተማሪዎች ውስጥ እንዲህ ብሎ የማያውቅ ማን አለ? እኔ ቃላቱን ካርቶን ላይ ጽፌ ለሦስት ልጆች አስያዝኳቸው። በኬችዋው ተራ አቆምኳቸውና ግሱን የያዘችው ልጅ ከዳር ተነስታ መሃል እንድትገባ አደረግኩ። አምስተኛ ክፍል እያለሁ የጎንደሩ አስተማሪዬ እንዲህ ነበር የሚያስረዳን። ልጆቹ ቦታ እየተቀያየሩ እስኪደክማቸው ተጫወቱት። ከዚያ በኋላ አንዱ ሲሳሳት ሌላው «መሃል ግባ!» ይለው ጀመር።

ደግሞም ኬችዋ «እሱ»ን እና «እሷ»ን አይለይም። «ሂ» እና «ሺ» ይምታቱባቸዋል፤ እናታቸውን «ሂ» ሊሏት ይችላሉ። አናባቢያቸው ሦስት ነው፤ አ፣ ኢ፣ ኡ። ስለዚህ «ፔን» እና «ፒን» ለጆሯቸው አንድ ይሆናል። ይህን አስቀድመሽ ካወቅሽ ልጁን ሰነፍ ብለሽ አታዝኚበትም። ደስ የሚልሽ ነገርም አለ። የኩስኮ ኬችዋ ውስጥ እንደኛ ጠ፣ ጨ፣ ጰ ያሉ ፈንጂ ድምፆች አሉ። ሌሎቹ በጎ ፈቃደኞች በእነሱ ሲታገሉ እኔ ያለ ችግር እላቸው ነበር። አሮጊቶቹ በጣም ነበር የሚደሰቱት፤ እንግዳ ሰው ቋንቋቸውን በወጉ ሲል መስማት አልለመዱም። ስፓኒሹን ከአሁኑ ጀምሪ። ሰላምታውን ግን በኬችዋ አጥኚ።

ትምህርት ቤቱ ትንሽ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ የተለያየ ክፍል ተማሪዎች አብረው ይቀመጣሉ፤ አስተማሪዋ አንዷን ጥግ ጽሕፈት አስጀምራ ወደ ሌላው ትዞራለች። ልጆቹ ቀይ ፖንቾ ለብሰው፣ ከመኪና ጎማ የተሠራ ጫማ ተጫምተው ይመጣሉ። የኛው በረባሶ ነው። መጀመሪያ ሳየው የደባት ገበያ ትዝ አለኝ።

ምን ላስተምር ካልሽ የመንደሩን ኑሮ እዪ። እናቶቹ ሱፍ ፈትለው ጨርቅ ይሸምናሉ። ቀዩን ቀለም የሚያወጡት ቁልቋል ላይ ከምትኖር ትንሽ ነፍሳት ነው። የሸመኑትን ለቱሪስት ይሸጣሉ። ብዙ አባቶች ደግሞ ማቹ ፒቹ ወደሚባለው የጥንት ከተማ ፍርስራሽ በሚወስደው የኢንካ መንገድ የቱሪስት ጓዝ ይሸከማሉ። በዚያ መንገድ በቀን የሚፈቀደው 500 ሰው ነው፤ አስጎብኚውና ተሸካሚው ጭምር ተቆጥሮ። አስጎብኚው እንግሊዝኛ ይችላል፤ ተሸካሚው አብዛኛውን ጊዜ አይችልም። ልጆቹ የሁለቱን ኑሮ እያነጻጸሩ ነው የሚያድጉት። የደባርቅ ልጅ አስጎብኚውንና በቅሎ ነጂውን እያየ እንደሚያድገው ማለት ነው።

ስለዚህ ቀለምና ቁጥርን በክር አስተማርኩ። አንዷ ሻጭ፣ ሌላው ገዢ ሆነው ይከራከራሉ። አንዲት ልጅ እናቷን ተከትላ ገበያ ወርዳ ለአንድ ቱሪስት ዋጋውን በእንግሊዝኛ ነገረችው። በማግስቱ እናትየው የተቀቀለ ድንች በጨርቅ ጠቅልላ ክፍል ድረስ ይዛልን መጣች። ድንቹ ገና ትኩስ ነበር።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። በጎ ፈቃደኛ ክፍል ሲገባ የመንደሩ አስተማሪ የመውጣት ልማድ አለ። ለእሷም እረፍት ነው፤ አልፈርድባትም። ግን ጉዳቱ ብዙ ነው። እኔ ስደርስ ልጆቹ ቀለማትን ከብዙ እንግዳ ተምረው ነበር። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር እንደገና ከ«ሄሎ» ይጀመራል። የሚያስቀጥል ሰው ስላልነበረ ከዚያ አያልፉም ነበር። ያንቺ ዕድል የጠራችሽ አስተማሪዋ ራሷ መሆኗ ነው። ክፍል ውስጥ አብራሽ ትኑር። ጠዋት አንቺ አስተምሪ፣ በሚቀጥለው ቀን ያንኑ እሷ ታስተምረው፣ አንቺ ደግሞ ኋላ ተቀምጠሽ እዪ። የሠራችሁትን በደብተር ጻፉት። ሁለት ወር በቂ ነው ወይ ካልሽ፣ ለልጆቹ አጭር ነው፤ ለእሷ ግን ብዙ ነው።

ድርጅቱን ተይው። የሚከፈለው ገንዘብ ስንቱ ትምህርት ቤቱ እንደሚደርስ ጠይቂያቸው። በግልጽ ካልመለሱልሽ እዚያው ላይ ይብቃችሁ።

ሲስተር ማራኪ፦

እኔ ስለ ከፍታው ብቻ ልናገር። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኩስኮ ደግሞ 3,400 ገደማ። ሊማ ባሕር ዳርቻ ስለሆነች ከዚያ በረሽ በአንድ ሰዓት ተኩል ባልሞላ ጊዜ እዚያ ከፍታ ላይ ትወርጃለሽ። «የደጋ ሰው ነኝ» ብለሽ አትዘናጊ።

በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ የእነ ሲንቲያ ቢል ጥናት አለ። ሰሜን ተራራ ላይ 3,530 ሜትር የሚኖሩ ወገኖቻችንን መርምረው ሂሞግሎቢናቸው (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) ቆላ ካለው ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ፣ ደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅንም እንዳልወረደ አገኙ። የአንዲስ፣ ማለትም የነፔሩ ተራራ፣ ሰዎች ግን ሂሞግሎቢናቸው ከፍ ያለ ነው። ሁለቱ ሕዝቦች ከፍታውን የለመዱት በተለያየ መንገድ ነው ማለት ነው። ግን ይህ የተገኘው እዚያው ተወልደው እዚያው የሚኖሩት ላይ ነው፤ አዘዞ ላደገች ሰው ዋስትና አይሆንም።

ኩስኮ እንደደረስሽ እዚያ ሳታድሪ ወደ ኦያንታይታምቦ ውረጂ። ከፍታው 2,800 ገደማ ነው፤ ደባርቅ ያደርሽ ያህል ነው። ጥቂት ቀን አርፈሽ ወደ መንደሩ ውጪ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የተለመደ ነው። ተቀምጠሽ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም አእምሮሽ ከተምታታ ግን ሳትውይ ሳታድሪ ወደ ታች መውረድ አለብሽ። አሴታዞላማይድ የሚባል የከፍታ ሕመም መከላከያ መድኃኒት አለ፤ ከመሄድሽ በፊት ሐኪም አማክሪ፤ በተለይ ሰልፋ ለሚባሉት መድኃኒቶች አለርጂ ካለብሽ ንገሪው።

የደባርቁ፦

ሁላችሁም ስለ ፔሩ አወራችሁ። እኔ ግን ከእናቷ ጋር ነኝ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። ፊዚክሱን የሚያውቅ ልጅ ጥያቄውን ሳይረዳው ይወድቃል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በክልላችን በጦርነቱ ምክንያት ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ታውቃላችሁ። እኔ የማስተምራቸው ልጆች ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው ደብተር ይዘው የተመለሱት። እህቴ፣ ክረምቱን እኛ ጋ ብትመጪ አጋዥ ትምህርት የሚፈልጉ ልጆች ሞልተዋል። ድንችም አለን፣ ብርድም አለን፣ ተራራም አለን። ቅር እንዳይልሽ፤ ስለሚያመኝ ነው የምናገረው።

ጡረተኛው መምህር፦

የደባርቁ ልጄ፣ ሕመምህ ሕመሜ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ገጠር ነው ያስተማርኩት። ግን አትከልክላት።

ፒስ ኮር የሚባለው የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ድርጅት ኢትዮጵያ የገባው በ1955 ዓ.ም. መባቻ ገደማ ነው። እኔ ያኔ ጎንደር ተማሪ ነበርኩ። እኛን ያስተማረን ወጣት ሁለት ዓመት ተቀመጠ። አማርኛ ተማረ፣ ከሰው ጋር ለቅሶ ደረሰ። ማታ ማታ ፋኖስ አብርቶ ያስጠናን ነበር። ከአገሩ ድሃ ልጅ ጠፍቶ ነው የመጣው? አልነበረም። እሱ ያስተማረን ልጆች ግን ብዙዎቻችን አስተማሪ ሆነን በየወረዳው ተበተንን።

ልጄ አንቺ ደግሞ ሂጂ። ስትመለሺ ግን ያየሽውን ይዘሽ ደባርቅ ውጪ። አንድ ክፍል ውስጥ የተለያየ ክፍል ተማሪ ይዞ ማስተማርን የገጠር አስተማሪዎቻችን በየቀኑ ይኖሩታል፤ ማንም ግን አላሠለጠናቸውም። እነዚያ ሰዎች እንዴት እንደሚያደርጉት ተማሪና ንገሪያቸው።

የአዘዞዋ መምህርት፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዕድሜ ይስጥዎ። ያሉኝን አደርጋለሁ። የደባርቁ ወንድሜ፣ ፈጽሞ ቅር አላለኝም፤ ስልክህን በውስጥ መስመር ላክልኝ። ጥቅምት ላይ ቅዳሜና እሁድ እየመጣሁ ከአስተማሪዎቹ ጋር መሥራት እችላለሁ፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ።

የፒያሳው፣ ሁለት ነገር ልጠይቅህ። ነሐሴ ፍልሰታ ነው፤ እዚያ መጾም ይቻላል? ለልጆቹስ ምን ይዤ ልሂድ?

የፒያሳው፦

ጾሙ አያስቸግርሽም። ድንች፣ በቆሎ፣ ባቄላና ኪኗ የሚሉት እህል እንደልብ ነው። ቹኞ የሚሉት ድንች አለ፤ ሰኔና ሐምሌ ውርጩ ላይ ዘርግተው ያሳድሩታል፣ ቀን በእግር ረግጠው ውሃውን ያወጡታል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል። ለዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል። ሾርባቸው ውስጥ ግን ሥጋ ሊገባ ስለሚችል ለአስተማሪዋ አስቀድመሽ ንገሪያት። ኦገስት 15 ላይ እነሱ የእመቤታችንን ዕርገት ያከብራሉ፤ ያኔ አንቺ ገና ጾም ላይ ነሽ። ካልካ የሚባለው ከተማ በዓሉ ደማቅ ነው፤ ካገኘሽ ሄደሽ እዪው።

ከረሜላ አትውሰጂ። የፊደል ገበታ ውሰጂ። በላቲን ፊደል ብቻ ነው የሚጽፉት፤ ሌላ ፊደል አይተው አያውቁም። እኔ የእያንዳንዱን ልጅ ስም በአማርኛ ጽፌ ሰጠሁት፤ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ለጠፉት። ደግሞ የድንቹን ነገር ንገሪያቸው። ድንች ከእነሱ ተራራ ነው የተነሳው። ኢትዮጵያ ያስገባው ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ሲሆን ዘመኑም 1858 እ.ኤ.አ. እንደሆነ ነው የሚነገረው። «የሰሜን ገበሬ የናንተን ድንች ይበላል» ስላቸው እንዴት ደስ እንዳላቸው! አንዱ ሽማግሌ ስንት ዓይነት አላችሁ ብሎ ጠየቀኝ። ጥቂት ነው ስለው አዘነልን። እነሱ ለአንድ እርሻ ብዙ ዓይነት ይዘራሉ፤ ውርጭ አንዱን ቢመታው ሌላው ይተርፋል።

ወንፈልም አላቸው፤ አይኒ ይሉታል። ቅዳሜ ማሳ ላይ ሲጠሩሽ ሂጂ።

ቪዛውን ቶሎ ጀምሪ። በቱሪስት ቪዛ በነፃም ቢሆን ማስተማር ይፈቀድ እንደሆነ ከቆንስላቸው በጽሑፍ ጠይቂ። አስተማሪዋ ከትምህርት ቤቱ የግብዣ ደብዳቤ ትላክልሽ። የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃውን፣ ቢጫ ካርድሽን፣ አትርሺ፤ በሳኦ ፓውሎ በኩል ከሆንሽ ሊጠይቁሽ ይችላሉ። ወፍራም ካልሲና ጋቢም ያዢ፤ ቀን ፀሐይ ነው፣ ማታ ግን ውሃ ይረጋል።