ዩራኒየሙን ያመጣው ፈሳሽ በየትኛው ንጣፍ አለፈ?

ከካናዳው አታባስካ ተፋሰስ፣ ከማኒቱ ፎልስ አሸዋ ድንጋይ የወጣ 40 ሜትር የቁፋሮ ኮር (ዘንግ መሰል የድንጋይ ናሙና) እና 22 ቲን ሴክሽን (በማይክሮስኮፕ የሚታይ ስስ የድንጋይ ቁራጭ) አለኝ። ፈሳሹን ያሳለፈው ሻካራውና ንጹሑ አሸዋ ነው ብዬ ነበር የተነሣሁት። ማይክሮስኮፑ ግን ተቃራኒውን ያሳያል። በሻካራው ንጣፍ እያንዳንዱን የኳርትዝ ቅንጣት ቀጭን የአቧራ መስመር ከቦታል፤ ከመስመሩ ውጪ ያደገው አዲስ ኳርትዝ ክፍተቱን ሁሉ ደፍኖታል። ጭቃ በተቀላቀለበት ንጣፍ ደግሞ ሸክላው የኳርትዙን እድገት ስለገታው ክፍተት ተርፏል፤ ኢላይት የተባለው የሸክላ ማዕድን የሞላው እሱን ነው።

ቁም ነገሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሻካራው ቀድሞ ከተደፈነ፣ ወደ 200 ዲግሪ የሚጠጋው ጨዋማ ፈሳሽ በጭቃማው ተመርቶ ግራፋይት (የካርቦን ማዕድን) ወዳለበት የዓለት ስብራት ደርሷል ማለት ነው። ፈሳሹ ሲታሰር የነበረውን ሙቀት ለማወቅ በኳርትዙ ውስጥ የታሰሩትን የፈሳሽ ጠብታዎች እያሞቅሁ ለካሁ፤ ንባቡ ከ90 እስከ 210 ዲግሪ ተበታተነ። አብዛኞቹ ከ5 ማይክሮሜትር ያነሱ ናቸው፤ በኋላ በተደፈነ ስንጥቅ የገቡትም ሳይቀላቀሉ አልቀሩም።

የኳርትዙን የእድገት ንብርብሮች በካቶዶሉሚነሰንስ (በኤሌክትሮን ጨረር ሲመታ በሚሰጠው ብርሃን) ለይቶ በየንብርብሩ የኦክስጅን አይሶቶፕ (በክብደት የሚለያዩ የኦክስጅን ዓይነቶች) ምጥጥን በአዮን ማይክሮፕሮብ (ጥቃቅን ነጥቦችን በአዮን ጨረር በሚመረምር መሣሪያ) መለካት ቅደም ተከተሉን ለመወሰን ይበቃል ወይስ ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል?