በበዓለ ሃምሳ ደሴ ላይ ሥጋና ቅቤ የሌለበት ምግብ እንዴት ይገኛል?

የጦሳ እንግዳ (ጥያቄ)

እንደምን ሰነበታችሁ። የምኖረው አዲስ አበባ ሲሆን ለሥራ ጉዳይ በግንቦት አጋማሽ ወደ ደሴ መጥቼ ሁለት ሳምንት ያህል እቆያለሁ፤ በመካከሉም ኮምቦልቻና ሐይቅ ደርሼ ለመመለስ አስቤያለሁ። አብሮኝ የሚመጣ ህንዳዊ የሥራ ባልደረባ አለ። እኔ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ፣ ማርም ጭምር አልበላም፤ እርሱ ደግሞ ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል አይነካም እንጂ ወተት፣ እርጎና ቅቤ ይወስዳል።

ጉዞው በጾም ወቅት ቢሆን ኖሮ ይህን ጥያቄ ባላቀረብኩ ነበር፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀናትም ሆነ በአዘቦቱ ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ የማይገኝበት ከተማ የለምና። ነገር ግን በ2018 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 4 ቀን ስለሆነ በዓለ ሃምሳ የሚፈጸመው ግንቦት 23 ቀን ነው፤ እስከዚያ ድረስ ረቡዕና ዓርብም አይጾሙም። አዲስ አበባ ላይ ዓመቱን ሙሉ የጾም ምግብ የሚሠሩ ቤቶችን ስለማውቅ በሃምሳው አልቸገርም፤ ደሴን ግን በዚህ በኩል አላውቃትም። ሃፒካው የተባለው የስልክ መተግበሪያም ተጓዦች በሚያስገቡት መረጃ ላይ የቆመ በመሆኑ የውጭ ጎብኚ ለማይበዛበት ከተማ እምብዛም አይረዳም። በየትኛው ሰፈር፣ ምን ዓይነት ቤት ብንገባ እንደሚሻል፣ አስተናጋጁንም ምን ብለን ብንጠይቅ በትክክል እንደምንግባባ የምታውቁ ብታስረዱኝ ታላቅ ውለታ ነው።

ቧንቧ ውሃ

ለረጅም ጊዜ በሆቴል ወጥ ቤት ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርዎት። ፍለጋውን ከቤቱ ስም ሳይሆን ከወጥ ቤቱ ይጀምሩት። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን በፍስክም ከምግብ ዝርዝር አይወጡም፤ የሚለወጠው የሚሠሩበት ቅባት ነው። ብዙ ደንበኛ ያለው ቤት ጠዋት በትልቅ ድስት ቁሌት ያቁላላና ቀኑን ሙሉ ከዚያ እየቀነሰ ወጡን ይሠራል። ቁሌቱ ሲሠራ ቅቤ ከገባበት ማንም ሊያወጣልዎት አይችልም፤ በዘይት ተቁላልቶ ንጥር ቅቤው ከመከለሻው ጋር መጨረሻ ላይ የሚጨመር ከሆነ ግን የእርስዎን ድርሻ ሳይጨምሩ ማቅረብ ቀላል ነው። ስለዚህ «ቅቤ አለበት ወይ?» ብለው አይጀምሩ። አስተናጋጁ ከላይ የተደረገ ቅቤ ካላየ በቅንነት «የለበትም» ይልዎታል። «ቁሌቱ የተሠራው በዘይት ነው ወይስ በቅቤ?» ብለው ወጥ ሠሪዋን እንዲጠይቅልዎት ያድርጉ።

ከሁሉ ይልቅ አስተማማኙ ተጋቢኖ ነው፤ ለአንድ ሰው በሸክላ ለብቻው ስለሚሠራ «በዘይት ብቻ» ተብሎ ሊታዘዝ ይችላል። ሽሮ ፈሰስ ግን ብዙ ጊዜ ከጋራ ድስት ይቀዳል። ቦዘና ሽሮ ሥጋ ያለበት መሆኑን ባልደረባዎ ይወቅ፤ ስሙን ሰምቶ ሽሮ ነው ብሎ እንዳያዝ። ክክ አልጫም በፍስክ ጊዜ ቅቤ ይበዛበታል። ለቁርስ ፉል ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እንቁላል፣ እርጎና ቅቤ ተደርጎበት ሊመጣ ስለሚችል «በዘይት፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ብቻ» ብለው ይዘዙ። የእንጀራ ፍርፍርም እንደዚሁ በዘይት ይሠራል፣ ቲማቲም ፍትፍት ደግሞ መጀመሪያውኑ ችግር የለበትም።

ትልልቆቹ ሆቴሎች ይሻላሉ ብለው እንዳይዘናጉ። እዚያ ፓስታና ሩዝ በአትክልት ይገኛል፤ ሩዙ ወይም «የአትክልት ሾርባ» የሚባለው በሥጋ መረቅ ወይም በሾርባ ኩብ ተሠርቶ እንደሆነ ግን የሚነግርዎት የለም፣ ካልጠየቁ። በእኔ ግምት ከሆቴሉ ይልቅ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ዙሪያ ያሉት የተማሪ ምግብ ቤቶች ለእርስዎ ይመቻሉ። ተማሪ ዋጋ ስለሚያይ ሽሮና ምስር በየቀኑ ይሠራል፤ ቅቤ ደግሞ ውድ ስለሆነ በርካሽ ምግብ ላይ አይባክንም።

ስለ ሐይቅ አንድ ነገር ልጨምር። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቅ ዓሣው እኛም ዘንድ ይመጣል፤ በብዙ ቤቶችም ዓሣ ከጾም ምግቦች ጋር ተዘርዝሮ ያገኙታል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወውና፣ «የጾም ነው» መባሉ ብቻ ለእርስዎም ሆነ ለባልደረባዎ በቂ ማረጋገጫ አይሆንም። የተጠበሰ ድንች ወይም ሳምቡሳ ሲያዙም ዘይቱ ዓሣ የተጠበሰበት እንዳይሆን ይጠይቁ። ማርን በሚመለከትም እንዲሁ ነው፤ በጾም ስለማይከለከል ማንም ለይቶ አይነግርዎትም።

የሸዋ በር ልጅ

አሰላሙ ዐለይኩም። አብሽሩ፣ ደሴ መጥታችሁ ጦማችሁን አታድሩም። የወንድሜን ምክር እቀበላለሁ፤ ነገር ግን የከተማውን ግማሽ የዘለለው ይመስለኛል። እንደምታውቁት እኛ አገር የሙስሊምና የክርስቲያን ምግብ ቤት የሚለየው በሥጋው ነው። ሥጋ ለማይበላ ሰው ሁለቱም ቤት ክፍት ስለሆነለት ከእኛ ይልቅ ሰፊ ምርጫ አለው ማለት ነው። በሙስሊም ቤት የፍስክና የጾም አቆጣጠር ስለሌለ የሽሮውና የምስሩ አሠራር በሃምሳውም ሆነ ከሃምሳው ውጭ አይለዋወጥም፤ በዘይት የሚሠራ ቤት አንዴ ካገኛችሁ ሁልጊዜም በዘይት ነው። በሸዋ በርም ሆነ በአራዳ በኩል ሁለት ሦስት ቤት ጠይቃችሁ አንዱን ደንበኛ ብታደርጉ በየቀኑ ከመከራከር ትድናላችሁ። ህንዳዊው ወንድማችን ደግሞ እርጎ ስለሚወስድ እርሱ ጭራሽ አይቸገርም።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ሳምቡሳ በምስርም በሥጋም ስለሚሠራ ከመቁረሳችሁ በፊት ጠይቁ። ዘንድሮ አረፋ ጨረቃ እንደታየች የሚወሰን ሆኖ ግንቦት 19 አካባቢ ይውላል፤ በዚያ ቀንና በማግስቱ የእኛ ሰዎች ቤቶች በአብዛኛው ስለሚዘጉ ምሳችሁን በፒያሳ በኩል ከክርስቲያኖቹ ቤት አስቀድማችሁ እዘዙ። ደግሞም በዕለቱ እንግዳ ሆናችሁ ሳለ ሰው ቤት ሳትጠሩ አትውሉም፤ የወሎ ሰው እንግዳ ምግብ ቤት ሲበላ ማየት አይወድም። ስትጠሩ የማትበሉትን በዚያው ሰዓት ተናገሩ እንጂ ማዕድ ከቀረበ በኋላ አትናገሩ።

የጦሳ እንግዳ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የቤት ግብዣው ነገር አላሰብኩትም ነበር። ነገሩን ላለማብዛት «ጾመኛ ነኝ» ብል አያስኬድም?

ቧንቧ ውሃ

በሃምሳው አይሆንም። በእነዚህ ቀናት መጾም በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የተከለከለ ስለሆነ ጠሪዎችዎ ክርስቲያኖች ከሆኑ ነገሩ ይረዝማል፤ ቤቱ ውስጥ አንድ አረጋዊ ካሉማ ትምህርቱ ከምግቡ ቀድሞ ይቀርባል። «ቅቤ አይስማማኝም» የሚለውም አያዋጣም፣ ያለ ቅቤ የተሠራ ጥብስ ያመጡልዎታል።

የሸዋ በር ልጅ

እኔ ደግሞ «ሐኪም ከልክሎኛል» ቢሉ ይቀላል ባይ ነኝ። የኛ እናቶች ከሐኪም ጋር አይከራከሩም።

ቧንቧ ውሃ

አይከራከሩም፤ ነገር ግን ሕመሙ ምን እንደሆነ እስኪያውቁ ድረስ እንቅልፍ አይወስዳቸውም፣ አንዷ የነገረቻትንም ሌላዋ በማግስቱ ልትጠይቅዎት ትመጣለች። ምክንያት ከመደርደር የሚበሉትን ቢናገሩ ይሻላል፦ «ሽሮና ጎመን በዘይት ቢሠራልኝ ደስ ይለኛል» ይበሉ። ጠሪው ምን ላቅርብ ብሎ እንዳይጨነቅ ያደርገዋል። ለቡና ከተጠሩማ ሐሳብ አይግባዎት፤ የቡና ቁርሱ ቆሎ ወይም ንፍሮ ነው፣ ዳቦው ግን ወተት ወይም ቅቤ ሊኖረው ስለሚችል ይጠይቁ።

ወልድያ

ዘግይቼ ነው ያየሁት። ጉዞውን ማዘግየት የሚቻል ከሆነ አንድ ሳምንት ቢያዘገዩት ነገሩ ይለወጣል፤ ግንቦት 24 ቀን ሰኞ ጾመ ሐዋርያት ይገባል፣ ረቡዕና ዓርብም ይመለሳሉ። ሐዋርያትን እንደ ፍልሰታ ሁሉም ሰው ባይጾመውም ምግብ ቤቶች ቢያንስ ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ መሥራት ይጀምራሉ።

የጦሳ እንግዳ

የስብሰባው ቀን የእኔ ውሳኔ አይደለም፤ ስለዚህ በሃምሳው እንመጣለን። ለመንገዱስ ምን ትላላችሁ? የምንመጣው በአውቶቡስ ነው።

ወልድያ

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ አውቶቡሱ ለምሳ አንድ ቦታ መቆሙ አይቀርም፤ እዚያ ግን ቁሌቱ በምን እንደተሠራ ለማጣራት ጊዜ አይኖራችሁም። የሚቆምበትን ቤት የሚመርጠው ሹፌሩ ነው፣ እናንተ አይደላችሁም። በሶ በስኳር በጥብጣችሁ በፕላስቲክ ጠርሙስ ያዙ፣ ሙዝና ቆሎም ጨምሩበት። ጭኮ ግን ቅቤ ስላለው ለባልደረባዎ ብቻ ይሆናል።