ኢንተርቪው ላይ «ያለ ጌት ፓስ (የዕቃ መውጫ ፈቃድ ወረቀት) መኪና አስወጪ ብትባዪስ?» አሉኝ፤ ምን ይመለሳል?

የኮዬዋ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። ማክሰኞ ገላን አካባቢ አንድ ፋብሪካ ለስቶር ኪፐርነት ኢንተርቪው ነበረኝ። ከኮዬ ፈጬ በጠዋት ወጥቼ ቱሉ ዲምቱ ላይ ታክሲ ቀየርኩ። ስደርስ ነጩ ሸሚዜ አቧራ ጠጥቷል። ይሁን።

ጠያቂዎቹ ሦስት ናቸው። ስለ ቢን ካርድ (የዕቃ ገቢና ወጪ መመዝገቢያ ካርድ) እና ስለ ቆጠራ ሲጠይቁኝ ጥሩ ነበርኩ። ከዚያ መሃል ላይ የተቀመጡት ሰውዬ ስልካቸውን እየነካኩ፣ «አመሻሽ 11፡30 ላይ ሥራ አስኪያጁ ደውሎ፣ ጌት ፓሱ ነገ ይሠራል፣ መኪናውን ጭነሽ አስወጪው ቢልሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አሉኝ።

ክው አልኩ። አላስወጣም ብል አለቃ የማትሰማ ሊሉኝ ነው። አስወጣለሁ ብል ደግሞ ሌባ። «እንደ ሁኔታው ይታያል» ብዬ አረፍኩ። አንዷ ሴትዮ ወረቀቷ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። እስካሁን ምን ብላ ይሆን እያልኩ ነው።

ሐሙስ ቃሊቲ ሌላ ኢንተርቪው አለኝ። ይሄው ጥያቄ ቢመጣ ምን ልበል? የሚፈልጉት ታማኝ ሰው ነው ወይስ አፏን የምትዘጋ?

ባለ ባጃጁ፦
«እሺ» በይና ሥራውን ያዢ። ሌላውን ከገባሽ በኋላ ታያለሽ። ሥራ በጠፋበት ዘመን ምን ያስጨንቅሻል?

የመጋዘን ሰው፦
ባለ ባጃጁ ወንድሜ፣ ዋስ ጠርተህ ስለማታውቅ ነው እንዲህ የምትለው።

እህቴ፣ እኔ 17 ዓመት ስቶር ውስጥ ነኝ። ለዚህ ሥራ ዋስ አምጪ ትባያለሽ። የደመወዝ ደብዳቤውን ይዞ መጥቶ የሚፈርምልሽ ማነው? አጎትሽ? የአክስትሽ ባል? ጉድለት ሲገኝ አለቃው የደወለበት ስልክ ቢን ካርድ ላይ የለም። ያለው ያንቺ ፊርማ ነው።

እኔ አንዴ ያለ ወረቀት ዕቃ ለቅቄያለሁ። 40 ካርቶን ሳሙና። «ወረቀቱ ነገ ይመጣል» ተባልኩ። ወረቀቱ ሳይመጣ ቆጠራ መጣ። አለቃዬ ዓይኔን እያየ «እኔ መቼ ደወልኩልህ?» አለኝ። ሕጉ ከወር ደመወዝ ከሲሶ በላይ አይቆረጥም ስለሚል ዕዳው ሰባት ወር ፈጀ። ዋሴ የነበረው አጎቴ ያን ዓመት ለፋሲካ እንኳ ቤቴ አልመጣም።

ስለዚህ እንዲህ በይ፦ «ዕቃውን ቆጥሬ አስጭኜ አቆያለሁ። ሥራ አስኪያጁ ወይ የሚፈርም ተወካይ ይላኩልኝ፣ ወይ ቢያንስ በቴሌግራም ጽፈው ይዘዙኝ። ያለዚያ ከበር አይወጣም።» ሥራውን እምቢ አላልሽም፣ ዕዳውንም አልተሸከምሽም። ከዚያ አንቺ ጠይቂያቸው፦ «እዚህ ጌት ፓስ ላይ እነማን ይፈርማሉ?» ደህና ቤት ከሆነ ቶሎ ይነግሩሻል። እርስ በርስ ተያይተው ከሳቁ ግን ቦርሳሽን አንሺ።

ሂሳብ ክፍል፦
በቴሌግራሙ አልስማማም። የላከው ሰው ካንቺም ስልክ ላይ ሊያጠፋው ይችላል። የግድ ከሆነ ወዲያው ስክሪን ሾት አንሺ።

የባለ ባጃጁ ምክር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ። ገብተሽ እምቢ ስትዪ ከሚሸኙሽ አሁኑኑ ቢለይላችሁ አይሻልም? እኔን «ያለ ደረሰኝ ልግዛ የሚል ደንበኛ ቢመጣስ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። «15 በመቶ ቫቱን ማን ሊከፍል ነው?» አልኳቸው። አልጠሩኝም። ሌላ ቦታ ገባሁ።

ባለ ባጃጁ፦
እሺ ተሸነፍኩ። ዋስ የሚባለውን አላሰብኩትም ነበር።

የኮዬዋ፦
ጋሼ የመጋዘን ሰው፣ የአጎትዎ ነገር ሆዴን በላኝ። እኔም ዋስ አድርጌ ያሰብኩት የእናቴን ወንድም ነው፤ ግን ገና አልነገርኩትም። ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ። የቃሊቲው ኢንተርቪው 2፡30 ነው። ሸሚዜን በፌስታል ይዤ እዚያው እቀይራለሁ።