ፍሪፒቢኤክስ ቮይስሜይል በኢሜይል አልልክ አለኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ የቢሮ ስልካችንን በፍሪፒቢኤክስ (የስልክ ጥሪ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር) ነው የምናስኬደው፣ ጥሪው ምንም ችግር የለበትም ግን ሰው ቮይስሜይል (የድምፅ መልእክት) ሲተው ድምፁ በኢሜይል መምጣት ሲገባው አይመጣም። መጀመሪያ ፖርት 25 (ኢሜይል የሚወጣበት የኔትወርክ በር) ምላሽ ሳይሰጥ ታይምአውት ሲለኝ ጊዜ ፖስትፊክስ (ኢሜይሉን የሚልከው ፕሮግራም) ላይ የሪሌይሆስቱን (ኢሜይላችንን ተቀብሎ የሚያስተላልፈው ሰርቨር) ፖርት ወደ 587 ቀየርኩት፣ ዩዘርኔምና ፓስወርዱንም የሳስል (ሰርቨሩ ላይ ማንነት ማረጋገጫ ዘዴ) ፓስወርድ ፋይሉ ውስጥ ጽፌ፣ ፖስትማፕ አድርጌ (ፋይሉን ፖስትፊክስ ወደሚያነበው ቅርጽ ቀይሬ) ሪስታርት አደረግኩት። አሁን ሜይል ሎጉን ሳየው "ኖ ወርዚ መክስ ፋውንድ" (no worthy mechs found፣ ተስማሚ የማረጋገጫ ዘዴ አልተገኘም) የሚል መስመር ነው እየተደጋገመ የሚመጣው፣ ሜይልኪው (ያልተላኩ ኢሜይሎችን የሚያሳየው ትእዛዝ) ስል ደግሞ 43 መልእክት ተሰልፎ ቁጭ ብሏል። ፓስወርዱ ልክ ነው፣ በዚያው አካውንት ከላፕቶፔ ስሞክረው ይሄዳል። ያልጫንኩት የሳስል ፓኬጅ ይኖር ይሆን ወይስ ሜይን ሲኤፍ (የፖስትፊክስ ሴቲንግ ፋይል) ላይ የረሳሁት መስመር አለ? ደንበኞች መልእክት ትተው መልስ ሲያጡ በጣም ነው የሚከብደኝ፣ የሚያውቅ ካለ በናታችሁ።