በየባቹ 59 ከረጢት ማበላሸት ሰለቸን፣ እንዴት እንቀንስ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሙቀት የሚታሸጉ የፕላስቲክ ከረጢቶች እናመርታለን። ከየባቹ (በአንድ ዙር ከተመረተው) 59 ከረጢት እናወጣና እሽጉ እስኪለቅ በማሽን እንጎትታቸዋለን። 15 ኒውተን ከቻለ አለፈ፣ ካልቻለ ወደቀ። አንድ እንኳ ከወደቀ ባቹ ይያዛል። የተጎተተው ሁሉ ደግሞ ቆሻሻ ነው። አለቃዬ "20 ይበቃል" ብሎኛል። ዝም ብዬ 20 ብጽፍ ችግር አለው?

መልስ 1፦
አለው እንጂ! 59 ዝም ብሎ የመጣ ቁጥር አይደለም። ከባቹ 5 በመቶው ብልሹ ቢሆን አንድ ከረጢት ደህና የመሆን ዕድሉ 0.95 ነው። 59ኙም ደህና ሆነው የመገኘት ዕድላቸውን ለማወቅ 0.95ን በራሱ 59 ጊዜ አባዛው፣ ከ0.05 ትንሽ ዝቅ ይላል። በ20 ግን 0.36 ላይ ይቀራል። ማለትም ከውስጡ 5 በመቶው ብልሹ የሆነ ባች ከሦስት አንዴ በላይ ሾልኮ ያልፍሃል። ይህን ለአለቃህ አሳየው።

መልስ 2፦
ልክ ነው፣ ግን መቀነስ ይቻላል። ወንድሜ፣ እናንተ የምትጥሉት ከረጢቱን ብቻ አይደለም። ማሽኑ 21.4 እያላችሁ "አለፈ" ብላችሁ ምልክት አድርጋችሁ ትሄዳላችሁ። ቁጥሩን ጻፉት በቃ። 15 ናሙና ውሰድ፣ አማካዩንና ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን (ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚበታተኑ የሚያሳየውን ልኬት) አስላ፣ ከዚያ ዴቪዬሽኑን በ2.566 አባዝተህ ከአማካዩ ቀንስ። አማካዩ 22፣ ዴቪዬሽኑ 2 ቢሆን 16.9 ገደማ ይመጣል፣ ከ15 ኒውተን በላይ ስለሆነ ባቹ ያልፋል። ዋስትናው ከ59ኙ ጋር እኩል ነው። ዴቪዬሽኑ 3 ከሆነ ግን 14.3 ይሆንና ይወድቃል፣ አንድም ከረጢት ከ15 በታች ባይለቅ እንኳ። እኛ ጋ በዚህ ብዙ ተጨቃጭቀናል። ደግሞ 2.566 ለ15 ናሙና ብቻ ነው፤ ለ10 ከሆነ 2.911 ነው።

መልስ 3፦
ቁጥሮቹ የደወል ቅርጽ ካልያዙ (ብዙዎቹ መሃል ላይ፣ ጥቂቶቹ ዳርና ዳር ካልሆኑ) ይህ ስሌት ያሳስትሃል። መጀመሪያ ሂስቶግራም (የትኛው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደመጣ የሚያሳይ የዘንግ ሥዕል) ሥራ። 15ቱንም ከአንድ ካርቶን እንዳትዘግናቸው፤ ከፈረቃው መጀመሪያም ከመጨረሻውም፣ ከየመንጋጋውም (ከረጢቱን ይዞ በሙቀት ከሚያሽገው የማሽኑ ክፍል) ይውጡ። ከደንበኛ ጋር የተፈረመው ውል 59 የሚል ከሆነ ደግሞ ቀድመህ አናግራቸው።

ጠያቂው፦
የ200 ከረጢት ቁጥር መዝግቤ ተመለስኩ። ሂስቶግራሙ ሁለት ጉብታ አወጣ! አንዱ 19 ላይ፣ ሌላው 24 ላይ። ማሽናችን ሁለት መንጋጋ አለው፣ የግራው ሙቀቱ ወርዶ ተገኘ። ስንቱን ከረጢት አበላሽተን "አለፈ፣ አለፈ" ስንል ከርመናል! ጥገና እስኪያስተካክለው በ59 እንቀጥላለን። አለቃዬም ስለ 20 ማንሳቱን ትቷል።