ከሌላ አካባቢ ለመጣ ተማሪ ራሱን ማስተካከል ያለበት ማን ነው?

አወያይ፦ ከዳውሮ፣ ከከፋ፣ ከየምና ከሌሎችም አካባቢዎች ለሥራ ወደ ጅማ የሚመጡ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን እዚሁ ያስተምራሉ። የቋንቋና የኑሮ ልዩነታቸውን ማቻቻል የርዕሰ መምህሩ ኃላፊነት ነው ወይስ የቤተሰቡ? «መጤ» የሚለውን ቃል ሳንጠቀም እንድንወያይ አደራ እላለሁ።

የሰባተኛ ክፍል መምህር፦ በእኔ እምነት ኃላፊነቱ የቤተሰቡ ነው። በክፍሌ 62 ተማሪዎች አሉ፤ ርዕሰ መምህሩም ከመጽሐፍ እጥረት እስከ ሪፖርት ድረስ ሲሮጥ የሚውል ሰው ነው። እኩልነት ማለት ለሁሉም አንድ መጽሐፍ፣ አንድ መምህርና አንድ ደንብ ነው፤ ለአንዱ የተለየ በር ብንከፍት ሌላው ቅር ይለዋል።

የቀድሞ ምክትል ርዕሰ መምህርት፦ መምህር፣ ድካምዎን አውቀዋለሁ። ነገር ግን ይህ የእኩልነት ትርጉም በአሜሪካ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1974 ተቀባይነት አጥቷል። በሳን ፍራንሲስኮ እንግሊዝኛ የማይችሉ የቻይና ተወላጅ ተማሪዎች እንደ ሌሎቹ አንድ ዓይነት መጽሐፍና መምህር ቢያገኙም፣ የሚባለው እስካልገባቸው ድረስ እኩል ተስተናገዱ ሊባል እንደማይችል ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ወስኗል።

እኔን ከዚያም በላይ የሚከነክነኝ በገዛ ቢሮዬ የሆነው ነው። አንድ ልጅ ተደባድቦ እናቱ ተጠርተው መጡ። እርሳቸው ከዳውሮኛ በቀር አይናገሩም፤ እኛ ደግሞ ዳውሮኛ አናውቅም። ስለዚህ ጥፋቱን ለእናቱ እንዲያስተረጉም ያደረግነው ራሱን ጥፋተኛውን ልጅ ነበር! ምን እንዳላቸው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እናቲቱ ግን አንገታቸውን ደፍተው አመስግነው ሄዱ፤ እኔም «ከወላጅ ጋር ውይይት ተደርጓል» ብዬ መዝገቡ ላይ ጻፍሁ። የጻፍሁት እውነት አልነበረም። ከበራችን ላይ ዳውሮኛ የሚናገሩ የጥበቃ ሠራተኛ ነበሩ፤ እርሳቸውን ለመጥራት እንኳ አላሰብሁም። ሙሐመድ ኻሊፋና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ የተማሪውን ባህል የሚያገናዝብ የትምህርት ቤት አመራር ከሚገለጽባቸው ነገሮች አንዱ መሪው የራሱን አሠራር መመርመሩ እንደሆነ ጽፈዋል። እኔም የምጠይቀው በጀት ሳይሆን ይህንኑ ነው።

የሁለት ልጆች አባት፦ አንድ ነገር ልጨምር። የወላጆች ስብሰባ ኅዳር ላይ፣ ያውም በሥራ ቀን ጠዋት ይጠራል። ኅዳር ቡና የሚለቀምበት ወር ነው፤ በቀን ሥራ የሚተዳደር ሰው ያን ጠዋት ከለቀማ ቢቀር የቤተሰቡ የዕለት ጉርስ ይቀራል። ባለመገኘቱ ግን «ወላጁ ስለ ልጁ አያስብም» ተብሎ ይታማል።

የሰባተኛ ክፍል መምህር፦ የእህቴ ምስክርነት ከብዶኛል፤ ልጅን በራሱ ጉዳይ አስተርጓሚ ማድረግ ስህተት መሆኑንም እቀበላለሁ። በቋንቋው ላይ ግን አቋሜ ያው ነው። እዚህ የሚያድግ ልጅ አፋን ኦሮሞን አጥርቶ ካልያዘ ከትምህርቱም ከጓደኞቹ ጨዋታም ይቀራል፤ ይታዘንለት ተብሎ ለብቻው ከተቀመጠማ እንክብካቤው ራሱ አጥር ይሆንበታል።

የቀድሞ ምክትል ርዕሰ መምህርት፦ በዚህ አንለያይም፤ ይማር። ነገር ግን እስከ ስድስተኛ ክፍል በአማርኛ የተማረ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱ ሁሉ በቁቤ ሲገጥመው ብቻውን እንዲወጣው መተው የለብንም። የማጠናከሪያ ክፍለ ጊዜ መመደብ፣ ስብሰባውን ከለቀማው በፊት ማድረግ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ሠራተኛ መጥራት፣ እነዚህ ሁሉ በርዕሰ መምህሩ ፊርማ የሚያልቁ ጉዳዮች ናቸው። መምህር፣ እንዲህ ያለ ክፍለ ጊዜ ቢመደብ እርስዎ ያስተምራሉ?

የሰባተኛ ክፍል መምህር፦ በደስታ አስተምራለሁ፤ ነገር ግን ሳምንታዊ ድርሻዬ 28 ክፍለ ጊዜ ስለሆነ፣ ርዕሰ መምህሩ ከዚያ ላይ ሁለቱን ሊቀንስልኝ ይገባል።