«ሆርድ»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ተርጓሚው፦ ሰላም ለቤቱ። የሙዚየም ጽሑፍ እየተረጎምኩ አንዲት ቃል አስቁማኛለች። እንግሊዞች አንድ ላይ ተሸሽጎ የተገኘን ገንዘብ «ሆርድ» ይሉታል። የኔው የፊሽፑል ወርቅ ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር፣ ኖቲንግሃምሻየር ውስጥ ለግንባታ ሲቆፈር 1,237 የወርቅ ሳንቲሞች ወጡ፤ ቀለበትና ሰንሰለትም አብሮ ነበር። የተደበቀው በ1464 ገደማ፣ እንግሊዞች ለዘውድ እርስ በርስ በተዋጉበት በጽጌረዳዎቹ ጦርነት መሀል ነው። «ክምችት» ብዬ ጻፍኩና ደበረኝ።

ሳንቲም ለቃሚ፦ ክምችት ስባል የሚታየኝ ዘይት መጋዘን ውስጥ ቆልፎ ዋጋ እስኪወጣ የሚጠብቅ ነጋዴ ነው። «የተቀበረ ወርቅ» በለውና ተገላገል።

የቆሎ ተማሪ፦ ቃሉማ ነበረን፤ ቢሮ ወሰደብን እንጂ። በግዕዝ «መዝገብ» ሀብት የሚቀመጥበት ቦታ ነው፤ ሀብቱም ራሱ መዝገብ ይባላል። ማቴዎስ 13፥44 ላይ «በእርሻ ውስጥ የተሰወረውን መዝገብ» የሚለው እሱን ነው። ልጅ ሆኜ ሰውየው እርሻ ውስጥ ፋይል ያገኘ ይመስለኝ ነበር። ለወረቀት ያለውን ሁሉ መሸጡ ይገርመኝ ነበር።

ተርጓሚው፦ ሃሃ! ዛሬ «የወርቅ መዝገብ» ብል ሰው ሊፈርም እስክሪብቶ ያወጣል።

የቆሎ ተማሪ፦ «የተቀበረ»ም አይመቸኝም። እኛ ሬሳም እንቀብራለን፣ ወርቅም እንቀብራለን። የድሮው የእንግሊዝ ሕግ ግን ይለያቸዋል። ባለቤቱ ተመልሶ ሊያወጣው አስቦ የደበቀው ወርቅና ብር፣ ባለቤቱ ካልታወቀ የዘውዱ ነው። ለሙት የተቀበረው አይደለም። በ1939 እዚያው እንግሊዝ፣ ሰተን ሁ በሚባል ቦታ፣ ሙት ከነመርከቡ ከተቀበረበት መቃብር የወጣው ወርቅ በዚህ ምክንያት ለመሬቱ ባለቤት ተፈረደ፤ እሷ ደግሞ ለብሪቲሽ ሙዚየም ሰጠችው። ሕጉ በ1996 ተቀይሯል። ቁም ነገሩ ግን መመለስ ማሰቡ ነው። ሰው ሊመለስበት ሲያስብ ምን ያደርጋል? ይሸሽጋል። «ሽሽግ ወርቅ» በለው።

ተርጓሚው፦ ጣመኝ! የሳንቲሞቹንስ ስም? «ኖብል»ን «ክቡር»፣ «ኤንጀል»ን «መልአክ» ልበል?

ሳንቲም ለቃሚ፦ ኖብልን ተወው፣ ስም ነው። ማርትሬዛን መቼ ተረጎምናት? ይልቅ መልኩን ንገራቸው። ንጉሡ ሰይፍና ጋሻ ይዞ መርከብ ውስጥ ቆሟል። በ1344 ኤድዋርድ ሦስተኛ ያወጣው ነው፤ ዋጋው 80 ፔኒ። ኤንጀል ላይ ግን ስሙም ይፈታ። ቅዱስ ሚካኤል ዘንዶውን ረግጦ በጦር ሲወጋ ነው የሚታየው፤ የኛ ሰው አይቶ አይስተውም። በኋላ ነገሥታቱ አንገቱ ላይ ንፍፊት መሰል እባጭ የወጣበትን ሕመምተኛ ዳስሰው፣ የተበሳ ኤንጀል አንገቱ ላይ ያንጠለጥሉለት ነበር። ክታብ በለው። ግን ቆይ፣ ኤንጀል የወጣው በ1465 ነው። ያንተ ወርቅ በ1464 ከተሸሸገ እዚያ ምን ይሠራል?

ተርጓሚው፦ እሱ የሌላ ገጽ ነው፣ ተረጋጋ። «ሽሽግ ወርቅ» ብዬ ልኬዋለሁ። አርታኢው «ክምችት» ካደረገው ተመልሼ እመጣለሁ።